ተራኪው ይህን ከየት አወቀ? የትረካ አንፃርን ስለመተንተን

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የዊልያም ፎክነርን ‹ጽጌረዳ ለኤሚሊ› የተባለ አጭር ልቦለድ የትረካ አንፃር ተንትኑ ተባልን። ‹ታሪኩ የተተረከው በአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራኪው የከተማው ነዋሪ ነው› ብዬ ጀመርኩና ቀሪውን ሦስት ገጽ ታሪኩን ጻፍኩበት። አስተማሪያችን ከሥሩ ‹ታዲያ ምን ይጠበስ?› ብለው መለሱልኝ። አንፃር መተንተን ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ይህንኑ በአማርኛ ልቦለድ ላይስ እንዴት ነው የምሠራው?»

መልስ፦ አስተማሪሽ ቀልድ የሚወዱ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥያቄያቸው ግን የምር ነው። የጻፍሽው ነገር ስህተት የለውም። ታሪኩ በእርግጥም በ«እኛ» ነው የሚተረከው። ግን እስካሁን ስም ነው ያወጣሽለት። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ «ትኩሳት አለሽ» ብሎ ቢያሰናብትሽ ምን ትያለሽ? ትኩሳቱንማ ራስሽም ታውቂዋለሽ። የፈለግሽው ከምን እንደመጣ ነው።

ስለ አንፃር፣ ማለትም ታሪኩ በማን አፍና በማን ዓይን እንደቀረበልን፣ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ ሠንጠረዥ ነው። አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ፣ ሦስተኛ መደብ። ሁሉን አወቅ (የሁሉንም ልብ የሚያውቅ)፣ ውስን (የአንዱን ብቻ የሚያውቅ)፣ ታዛቢ (ከውጭ ብቻ የሚያይ)። ሠንጠረዡን አልጠላውም፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ግን ተማሪው ታሪኩን አንዱ ሳጥን ውስጥ ከከተተ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የቀረውን ገጽ ታሪኩን መልሶ በመተረክ ይሞላዋል። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው፤ ብቻሽን አይደለሽም።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ለጊዜው አስቀምጪውና አንድ ጥያቄ ይዘሽ ወደ ታሪኩ ተመለሺ፦ ተራኪው ይህን ከየት አወቀ? እያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ጠይቂው። አሰልቺ ይመስላል። ግን ሌላውን ሁሉ የሚጎትተው ይህ ጥያቄ ነው።

ታሪኩን ላላነበቡ ሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። መጨረሻውንም መናገሬ ነው፤ ሳይነግሩ መተንተን አይቻልም። ፎክነር ያሳተመው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ጄፈርሰን ነው፤ ደራሲው በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ምድር ላይ የፈጠራት ከተማ። ኤሚሊ ግሪርሰን የድሮ ጨዋ ቤተሰብ ልጅ ናት። አባቷ ለትዳር የመጡትን ወጣቶች ሁሉ አባረሩ። አባትየው ሲሞቱ «አባቴ አልሞተም» ብላ ሦስት ቀን አስከሬኑን አላስነካም አለች። ቆይቶ ከሰሜን ከመጣው የመንገድ ሥራ ፎርማን፣ ከሆመር ባረን ጋር መታየት ጀመረች። አርሴኒክ የተባለ መርዝ ገዛች። ሆመር አንድ ምሽት ቤቷ ሲገባ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ከቤቷ መጥፎ ሽታ ወጣ። ሰዎች ሽታውን ለማጥፋት በሌሊት ግቢዋ ገብተው ኖራ በተኑ። ኤሚሊ በሯን ዘግታ አረጀች። በ74 ዓመቷ ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ማንም ለአርባ ዓመት ያላየው የፎቅ ክፍል ተሰብሮ ሲከፈት አልጋው ላይ የሆመር ቅሪት ተገኘ። ከጎኑ ያለው ትራስ የራስ ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። ትራሱ ላይ አንድ ረጅም ሽበታም ፀጉር አለ።

እንዲህ በቅደም ተከተል ሲነገር የወንጀል ዜና ነው። ፎክነር ግን እንዲህ አይነግረንም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ፈረንሳዊው የትረካ አጥኚ ጄራር ዥኔት በ1972 እ.ኤ.አ. ብዙዎቻችንን ያነቃ ነጥብ አነሳ። «የሚናገረው ማነው?» እና «የሚያየው ማነው?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው አለ። መደብ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «እሷ፣ እሷ» እያለ የሚተርክ ድምፅ ሙሉ በሙሉ በእሷ ዓይን ሊያይ ይችላል። «እኔ» የሚል አዛውንት ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ያየውን ሊተርክ ይችላል። ያን ጊዜ የሚናገረው ሽማግሌው ነው፤ የሚያየው ግን ልጁ ነው። «አንደኛ መደብ ነው» ብለሽ ስታበቂ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ መልሰሻል ማለት ነው።

አሁን እርሳስሽን ይዘሽ ወደ ጄፈርሰን ነይ።

የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ግብር ሊጠይቁ ኤሚሊ ቤት የገቡበትን ትዕይንት አንብቢ። ተራኪው ሳሎኑን በዝርዝር ያሳየናል። አቧራው አለ፣ የተሰነጣጠቀው የቆዳ ወንበር አለ፣ ዓይን ሳያየው በወርቅ ሰንሰለት ጫፍ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት አለ። ቤቱ ለዓመታት ሰው ያልገባበት ነው። ተራኪው ከየት አወቀ? የገቡት ሰዎች ወጥተው ተናግረዋላ። ከጽሑፉ ጎን «ከመልእክተኞቹ» ብለሽ ጻፊ።

አርሴኒክ የገዛችበትስ? መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት ኤሚሊና ባለ መድኃኒት ቤቱ ናቸው። እሷ እንደማትናገር የታወቀ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ የመጣው ከባለ መድኃኒት ቤቱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቁሚ። ተራኪው ኤሚሊ እሽጉን ቤቷ ስትከፍተው ከራስ ቅሉ ምልክት ሥር «ለአይጥ» የሚል ተጽፎበት ነበር ይላል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ሊያወራው ይችላል። ቤቷ ስትከፍተው ግን ማን አየ? እዚህ ላይ ተራኪው ከሰማው ላይ ትንሽ ጨምሯል። ወሬ የሚያውቅ ሁሉ ይህችን ጭማሪ ያውቃታል።

አሁን ደግሞ ፓስተሩ ጋ እንሂድ። ኤሚሊ ከሆመር ጋር በአደባባይ መታየቷ ያሳፈራቸው ሴቶች የባፕቲስቱን ፓስተር ሄዶ እንዲያናግራት ገፋፉት። ሄደ። ምን ተባባሉ? ታሪኩ አይነግረንም። ፓስተሩ የሆነውን ለማንም አልተናገረም፤ ተመልሶ ለመሄድም እንቢ አለ። በቃ። ለእኔ የዚህ ታሪክ አንፃር ቁልፍ ይህች አጭር ቦታ ናት። መልእክተኞቹ ስላወሩ ሳሎኑን አየን። ፓስተሩ ዝም ስላለ ደጃፍ ላይ ቀረን። ሁሉን አወቅ ተራኪ ቢሆን ኖሮ የፓስተሩ ዝምታ ምን ያግደዋል? ገብቶ ይነግረን ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላነበበ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። እዚያ ተራኪው ከፊታውራሪ መሸሻ ልብ ወጥቶ ሰብለ ወንጌል ልብ ውስጥ ይገባል፤ ከልካይ የለውም። የጄፈርሰን ተራኪ ግን ዕውቀቱ በወሬ ልክ የተሰፋ ነው። ሰው ካወራ ያውቃል። ሰው ዝም ካለ አያውቅም። ኤሚሊ ደግሞ ለማንም አታወራም። ስለዚህ የታሪኩ ባለቤት ውስጧ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፈትልን ትሞታለች።

አየሽ? «አንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር» ከሚለው ተነስተን «ዕውቀቱ ከሐሜት የተጠራቀመ ተራኪ» የሚል ደረጃ ደርሰናል። ይህ ከሠንጠረዡ አይገኝም።

ቀጥሎ «እኛ»ን ራሷን መመርመር ነው። ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ውሰጂ። በአንዱ ተራኪው «እኛ» ያለባቸውን ቦታዎች አስምሪ። በሌላው «እነሱ»፣ «ሰዎቹ»፣ «ሴቶቹ» ያለባቸውን። ይህን ሥራ ለተማሪዎች በሰጠሁ ቁጥር መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ምክንያቱም የሚወጣው ሥዕል የሚገርም ነው። «እኛ» አዘንን። «እኛ» አመንን። «እኛ» ራሷን ታጠፋለች አልን፣ ያም ይሻላታል አልን። «እኛ» ከዘመዶቿ ይልቅ ለእሷ ወገንን። ሥራው ላይ ስትመጪስ? ግብር ሊጠይቁ የሄዱት «እነሱ» ናቸው። በሌሊት እንደ ሌባ ግቢዋ ገብተው ኖራ የበተኑት «አራት ሰዎች» ናቸው። ፓስተሩን የገፋፉት «ሴቶቹ» ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ክፍሉን ሊሰብሩ የጠበቁትም «እነሱ» ናቸው። በአብዛኛው የሚያዝነውና የሚያወራው «እኛ» ነው፤ የሚያሳፍረውን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ጥቂት ለየት ያሉ ቦታዎች አሉ፤ አትደብቂያቸው፣ ጥቀሻቸው። አዝማሚያው ግን አይካድም።

ከዚያ የመጨረሻው ክፍል ይመጣል። በሩ ሲሰበር «እነሱ» የነበሩት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ሲቆሙ «እኛ» ይሆናሉ። ቆመን ቀረን ይላል። ትራሱን አየን ይላል። ፀጉሩንም ከትራሱ ላይ ያነሳው «ከእኛ አንዱ» ነው። በታሪኩ ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ የኖረው «እኛ» እጁን የሚዘረጋው እዚህ ጋ ነው። ይህን ቦታ በሠራሁት ቁጥር ፎክነርን አደንቃለሁ። ሁሉንም ነገር በአንድ ተውላጠ ስም ነው የሠራው።

አንዳንድ ተማሪዎች ይህ ተራኪ ማን እንደሆነ ለማወቅ ይደክማሉ። ወንድ ነው ሴት? ስንት ዓመቱ ነው? እኔ ድካሙ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ተራኪው ኤሚሊ በአባቷ ጅራፍ ጥላ ሥር ወጣት የነበረችበትን ጊዜ እንዳየ ሰው ያወራል። ከአርባ ዓመት በኋላም ክፍሏ ውስጥ ቆሟል። በመሃል ትውልድ ተቀይሯል፣ ከንቲባ ተቀይሯል፣ እሱ ግን ያው «እኛ» ነው። ይህ አንድ ሰው ሳይሆን የከተማዋ አፍ ነው። ሰው ይሞታል፣ ይተካል፤ ወሬው ይቀጥላል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልመለስ። በሕይወት ውስጥ ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው፦ መርዙ ተገዛ፣ ሆመር ጠፋ፣ ሽታው መጣ። ታሪኩ ውስጥ ግን ሽታው በሁለተኛው ክፍል ይነገራል፣ መርዙ በሦስተኛው፣ የሆመር መጥፋት በአራተኛው። መጨረሻ የሆነው ከሁሉ ቀድሞ ይነገራል። አንባቢ ሽታውን ሲያነብ ሆመር የሚባል ሰው ገና አያውቅም፤ ስለዚህ ያልፈዋል። ይህን የገለበጠው ማነው? «ፎክነር» ብለሽ አትቸኩይ። ታሪኩ ውስጥ የሚያወራው ሰው መጨረሻውን አውቆ ነው የሚያወራው። አስከሬኑን አይቷል። ፀጉሩን አይቷል። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጦ የሚነግረን። እያወቀ ደበቀን።

ለምን? እዚህ ላይ ነው ትንተና የሚጀመረው። ሁለት መልስ አይቻለሁ። አንዱ «ለልብ ሰቀላ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ቀላል ነው፤ ማንኛውም የወንጀል ታሪክ የሚያደርገው ነው። ሌላውና እኔ የማምንበት ይህ ነው፦ ተራኪው ነገሩን የሚያወራው ከተማው ያኔ «ሳያውቅ» እንደኖረው አድርጎ ነው። ፍንጮቹን በትኖ፣ እንዳይገናኙ አራርቆ። እንዲህ ሲያደርግ አንባቢውም እንደ ከተማው ያልፋቸዋል። ከዚያ «አንተስ መች ጠረጠርክ?» የሚለን ይመስላል። አተራረኩ የመከላከያ ቃል ነው።

ማስረጃ ካስፈለገሽ አምስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አለች። ፎቅ ላይ ለአርባ ዓመት ማንም ያላየው አንድ ክፍል እንዳለ፣ በሩም መሰበር እንዳለበት «አስቀድመን አውቀን ነበር» ይላል። ከየት አወቁ? ቤቱ ውስጥ ሰው አይገባም ነበር። ይህች «አውቀን ነበር» ያለ ምንጭ ነው የመጣችው። እስካሁን ምንጩን ሲጠቁም የኖረ ተራኪ እዚህ ጋ ዝም አለ። ሽታው ሲመጣም ከንቲባው ዳኛ ስቲቨንስ አንዲትን የተከበረች ሴት ፊት ለፊት ትሸቻለሽ ይባላል ወይ ብለው ነገሩን ዘጉት። ከመጠየቅ ኖራ መበተን ቀለላቸው። ከተማው ሁሉንም ያውቅ ነበር እስከማለት አልሄድም፤ ጽሑፉ ያን አይልም። ግን ላለማወቅ ብዙ ደክሟል። ያን ለማለት በቂ ማስረጃ አለሽ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለው። «እኛ» ሲል ማን ቀርቷል? ኤሚሊ ቀርታለች፣ ይህ ይታያል። ሆመርም ቀርቷል፤ የሰሜን ሰው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥቁሩ አገልጋይዋ ቶቤ ነው። ቤቱ ውስጥ አብሯት የኖረው እሱ ነው። ገበያ የሚሄደው እሱ ነው። ሆመርን በወጥ ቤቱ በር ያስገባው እሱ ነው። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ነው። ከተማው ከእሱ ወሬ ለማውጣት ሞክሮ ተስፋ ቆረጠ። ኤሚሊ ስትሞት ለቀስተኛ ሴቶቹን በፊት በር አስገባ፤ እሱ በጓሮ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ተራኪው ስለ እሱ የሚያወራው እንደ ቤት ዕቃ ነው፤ አረጀ፣ ጎበጠ፣ ድምፁ ዛገ። ምን አስቦ ይሆን ብሎ አንዴም አይጠይቅም። ሌላው ከንቲባ ኮሎኔል ሳርቶሪስ ጥቁር ሴቶች ያለ ሽርጥ መንገድ ላይ እንዳይወጡ ማዘዙንም ስለ ግብር እያወራ በመሃል ጣል አድርጎት ያልፋል። ተራኪው የሚያልፈው ነገር ከሚያቆመው ነገር እኩል ይናገራል። «እኛ» ማለት እዚህ የደቡብ ነጮች ማለት ነው። ተራኪው ይህን ማስረዳት እንኳ አላስፈለገውም፤ ሌላ «እኛ» ሊኖር እንደሚችል አልታየውም። ይህ አንድ አንቀጽ ይገባዋል፤ ብርቱ ከሆንሽ ሙሉ ወረቀት ይወጣዋል።

አንፃሩ ምን እንደሚሠራ ለማየት የምወደው ሙከራ አለ። አንድ አንቀጽ ወስደሽ በሌላ ዓይን ጻፊው። የአርሴኒኩን ትዕይንት በኤሚሊ «እኔ» ሞክሪው። ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳትጽፊ ለምን እንደምትገዛው ማወቅ አለብሽ። ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ ታሪኩ ስለ አንዲት ሴት እብደት ወይም በደል ይሆናል። ከተማው ከታሪኩ ይወጣል። በቶቤ ዓይን ከጻፍሽው ሌላ ታሪክ ነው፤ ምናልባት የበለጠ የሚያስፈራ። ይህን የጻፍሽውን ለአስተማሪሽ ማስገባት የለብሽም። ግን ምን እንደጠፋ በሁለት መስመር ጻፊ። የጠፋው ነገር ራሱ አንፃሩ ይሠራ የነበረው ሥራ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ። «የማይታመን ተራኪ» የሚለው ቃል ተማሪዎች ዘንድ ፋሽን ሆኗል። አሜሪካዊው ሃያሲ ዌይን ቡዝ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው የታሪኩ አጠቃላይ እሴት አንድ ነገር ሲል ተራኪው ሌላ የሚል ከሆነ ነው ያለው። እንዲሁ ዋሸ ማለት አይደለም። ኤድጋር አለን ፖ በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታሪክ ሰው የገደለው ተራኪ «እብድ አይደለሁም» እያለ ሲምል እብደቱ ከእያንዳንዱ መስመር ይታያል። ያ ጥርት ያለ ምሳሌ ነው። የጄፈርሰን «እኛ» ግን የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው ባደራደሩና ባላነሳው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ «የማይታመን» ካልሽ በምኑ እንደማይታመን ተናገሪ። በመረጃው ነው? በፍርዱ ነው? ወይስ በዝምታው?

ሦስተኛ መደብም ገለልተኛ እንዳይመስልሽ። ኬት ሾፒን በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው በጣም አጭር ታሪክ አለ። ባሏ በባቡር አደጋ ሞተ ተብሎ ስለተነገራት ስለ ሚስስ ማላርድ ነው። ተራኪው «እሷ» እያለ ክፍሏ ድረስ ተከትሏት ይገባል። ልቧ ውስጥም ይገባል። ከኀዘኑ ሥር ነፃነት የሚባል ስሜት ሲነሳባት ከእሷ ጋር እናየዋለን። ከዚያ ባልየው በሕይወት ቤት ይገባል፤ እሷ ወድቃ ትሞታለች። በዚያች ቅጽበት ተራኪው ከልቧ ወጥቶ ሐኪሞቹ ጋ ይሄዳል። ሐኪሞቹ ደስታ ገደላት ይላሉ። ታሪኩ በዚህ ያበቃል። ተራኪው አላረማቸውም። መደቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስተኛ ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን ተቀይሯል። የታሪኩ ምጸት ያለው በዚያች ዝውውር ላይ ነው። «ሦስተኛ መደብ ውስን» ብሎ ያለፈ ተማሪ ይህን አያየውም። ስለዚህ አንፃር የት ላይ እንደሚዛወር ፈልጊ።

ወደ ወረቀትሽ። የመክፈቻ ዐረፍተ ነገርሽ ሊከራከሩበት የሚቻል መሆን አለበት። «ታሪኩ በአንደኛ መደብ ነው የተተረከው» ላይ ማን ይከራከርሻል? እንዲህ ብትይስ፦ «የ‹ጽጌረዳ ለኤሚሊ› ተራኪ ‹እኛ› እያለ ከኀዘኑና ከፍቅሩ ይካፈላል፣ ‹እነሱ› እያለ ግን ከኃላፊነቱ ያመልጣል።» ይህ አባባል ሊካድ ይችላል። ስለዚህ ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃውን ደግሞ አሁን በእርሳስና በሁለት ቀለም ሰብስበሻል። ይህቺን ቃል በቃል አትገልብጪ፤ አስተማሪሽም ይህን ሊያነቡ ይችላሉ። የራስሽን አውጪ። «ተራኪው» በምትይበት ቦታ «ፎክነር» እንዳትይም ተጠንቀቂ። ከተማውን እንዲህ አድርጎ ያቆመው ፎክነር ነው፤ ከተማው ያሰበውን ፎክነር አሰበ ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ታሪኩ ከተማውን የሚታዘብ ነው ብዬ ነው የማነበው።

አሁን የአማርኛው ጥያቄሽ። ዘዴው ያው ነው፤ ግን አማርኛ የራሱ ምልክቶች አሉት። በእንግሊዝኛው ታሪክ «እኛ»ን እንደ ቃል ቆሞ ታገኚዋለሽ። በአማርኛ ግስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚኖረው። ሰማን፣ አየን፣ አልጠየቅንም። ስለዚህ ስታሰምሪ የግሱን መጨረሻ ተከተዪ እንጂ ተውላጠ ስም አትፈልጊ።

ምንጭ ፍለጋውማ በአማርኛ ይብስ ይጥማል። «ጥሎ ሄደ» እና «ጥሎ ሄደ አሉ» አንድ አይደሉም። አንዲት «አሉ» ተራኪውን ከመስካሪነት ወደ ሰሚነት ታወርደዋለች። «ይባላል»፣ «መሰለኝ»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉትን አክብቢያቸው። ከዚያ ድንገት የጠፉበትን ቦታ ፈልጊ። ሲያወራ የኖረው ሁሉ በ«አሉ» የነበረ ተራኪ አንድ ነገር ላይ «አሉ»ን ከጣለ፣ እዚያ ጋ የሚያውቀው ነገር አለ።

አንቱታውንም አትለፊው። ተራኪው ለባለ ሀብቱ «ገቡ፣ ተቀመጡ» ብሎ ለዘበኛው «ገባ፣ ተቀመጠ» ካለ፣ ገና ምንም ሳይሆን ከማን ጋር እንደቆመ ነግሮሻል። በታሪኩ መሃል «እሳቸው» የነበሩት ሰው «እሱ» ከሆኑ ደግሞ ተራኪው ላይ አንድ ነገር ደርሷል። ሰውየው አልተለወጡ ይሆናል፤ የሚያያቸው ዓይን ግን ተለውጧል።

ሌላም አለ። አማርኛ የሰውን ሐሳብ በራሱ «እኔ» አድርጎ ማምጣት ይችላል። «አሰበች» ሳይል፣ ትምህርተ ጥቅስም ሳያደርግ። አሁን የፈጠርኩትን ምሳሌ እይ፦ ልጅቷ ደብዳቤውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ይሄን ደግሞ ማን ላከው? አልከፍተውም። ወንበሩ ላይ ጣለችው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚናገረው ውጭ ያለ ተራኪ ነው። መሃሉ የልጅቷ ነው። «አልከፍተውም» ያለው ተራኪው አይደለም። ተማሪ ይህን ሲያይ «ደራሲው መደብ አቀላቀለ» ብሎ ስህተት ያደርገዋል። ስህተት አይደለም። ተራኪው ለቅጽበት ቦታውን ለቆላት ነው። ደራሲው ይህን ለየትኛው ገፀ ባሕርይ እንደሚያደርግና ለየትኛው እንደማያደርግ ቁጠሪ። ውስጡን እንድንሰማ የተፈቀደለትና ያልተፈቀደለት ሰው ከዚያ ይለያል። ይህ ብቻውን ለአንድ ወረቀት ይበቃል።

ስትጀምሪ አንድ አጭር ታሪክ ምረጪ፤ ከአሥር ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ለታሪኩ አንብቢው። ሁለተኛውን ንባብ ለምንጭ፣ ሦስተኛውን ለ«እኛ»ና ለ«እነሱ» አድርጊው። ሦስት ገጽ የፈጀብሽን የታሪክ ማጠቃለያ አምስት መስመር ላይ አሳጥሪው፤ አስተማሪሽ ታሪኩን አንብበውታል። የተረፈሽን ቦታ ለፓስተሩ፣ ለትራሱና ለቶቤ ስጪ።